ቲኬቱን ከፍዬ ልገላገል ወይስ ኮርት ልቁም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ማታ ማታ ኡበር እሰራለሁ። በቀደም ጆርጂያ አቬኑ ላይ ፖሊስ አስቁሞኝ 35 ማይል በሚፈቀድበት ላይ በ49 ስትሄድ ነው የያዝኩህ ብሎ 90 ዶላር ጻፈብኝ፣ 2 ፖይንትም (የጥፋት ነጥብ) አለው አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ስንት ላይ እንደነበርኩ አላየሁም፣ ተሳፋሪ ጭኜ ነበር ዐይኔ መንገዱ ላይ ነው። ባለቤቴ ከፍለህ ተገላገል ትላለች፣ ጓደኞቼ ደግሞ ኮርት ጠይቅ ፖሊሱ አይመጣም ይጣልልሃል ይሉኛል። እንግሊዝኛዬ ጀጅ ፊት የሚያስቆም አይደለም፣ አንድ ቀን ስራ ብቀር ደግሞ ከቲኬቱ በላይ ነው የምከስረው። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን እግዚአብሔር ተሳፋሪህንም አንተንም በሰላም አገባችሁ። 90 ዶላሩን ለጊዜው ተወው፣ ጣጣው ያለው 2 ፖይንቱ ላይ ነው። ቲኬቱን ስትከፍል አጥፍቻለሁ ብለህ አመንክ ማለት ነው፣ ፖይንቱ የመንዳት ሪከርድህ ላይ ይገባል፣ ኢንሹራንስህ ሲታደስ ኩባንያው ሊያየው ይችላል፣ ኡበርም በየዓመቱ ሪከርድ ስለሚያስመረምር እሱም ያየዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ፖይንት የሚቆጠረው ለ2 ዓመት ነው፣ 3 ስትሞላ ኤምቪኤ (ላይሰንስ የሚሰጠው የሜሪላንድ መሥሪያ ቤት) የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልክልሃል፣ 5 ስትሞላ ክላስ ግባ ትባላለህ፣ 8 ላይ ላይሰንስ ወደ መታገድ ይሄዳል፣ 12 ላይ ወደ መሰረዝ። በዓመት አንዴ ለገበያ ብቻ መኪና ለሚያስነሳ ሰው 2 ፖይንት ምንም ላይመስል ይችላል፣ ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚያድር ግን ሌላ 2 የሚጨምርበት ቀን ሩቅ አይደለም።

እሺ፣ ምርጫህ ምንድነው ካልከኝ፣ ቲኬቱ በተሰጠህ በ30 ቀን ውስጥ ከሦስት አንዱን ማድረግ አለብህ፦ መክፈል፣ ዌቨር ሂሪንግ መጠየቅ ወይም ትራያል መጠየቅ። የኛ ሰው በብዛት የሚሸወደው እነዚህ ሁለቱ ሂሪንግና ትራያል አንድ ስለሚመስሉት ነው። ዌቨር ሂሪንግ ማለት ጥፋቴን አምኛለሁ ግን ለጀጁ ላስረዳ ማለት ነው፣ ፖሊሱ አይጠራም። ትራያል ግን አላጠፋሁም ብዬ ልከራከር ማለት ነው፣ ፖሊሱም ይጠራል። ስለዚህ ፖሊሱ አይመጣም የሚለውን የጓደኞችህን ተስፋ ይዘህ ዌቨር ሂሪንግ ላይ ምልክት ካደረግክ የምትጠብቀው ሰው ቀድሞውንም የሌለ ሰው ነው ማለት ነው፣ ስንቱ እንደዚህ ሆኖ ነው ፖሊሱ ሳይመጣ ፈረዱብኝ እያለ የሚያማርረው።

እኔን ከጠየቅከኝ ትራያል ጠይቅ። ምክንያቱም ትራያል ጠይቀህ ፖሊሱ ካልመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኬዙ ይዘጋል፣ ከመጣም እዛው ቆመህ ሐሳብህን ቀይረህ አምኛለሁ ግን ላስረዳ ማለት ትችላለህ፣ የዌቨር ሂሪንጉን ዕድል አላጣህም። ፖሊሱ አይመጣም የሚለውን ወሬ ግን አትመነው፣ የአንድ ፖሊስ ቲኬቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አንድ ላይ ስለሚቀጠሩ የሚመጣው ላንተ 90 ዶላር ብቻ ብሎ አይደለም፣ ያን ቀን የጻፈባቸው ሁሉ አብረውህ ተኮልኩለው ታገኛቸዋለህ።

የምትሄድበት ዋና ምክንያት ፒቢጄ የሚባለው ነገር ነው፣ ሙሉ ስሙ ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት። ጀጁ ጥፋተኛ ነህ የሚለውን ፍርድ ሳያስገባ በፕሮቤሽን (በአመክሮ) ያልፍሃል፣ መቀጮ ሊያስከፍልህ ይችላል ግን ፖይንቱ አይገባም። ሪከርዱ ንጹሕ የሆነ ሰው እንዲህ ባለች ቲኬት ፒቢጄ ማግኘቱ ሜሪላንድ ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ ግን የጀጁ ፈቃድ እንጂ መብትህ አይደለም። ፒቢጄ ከተቀበልክ ደግሞ ይግባኝ የለም። ጉዳቱንም ልንገርህ፣ አላጠፋሁም ብለህ ተከራክረህ ብትሸነፍ ጀጁ በ90 አይታሰርም፣ እንዲህ ላለ ጥፋት እስከ 500 ዶላር መሄድ ይችላል፣ ፖይንቱም ይገባል። እዚህ ድረስ የሚሄድ ጀጅ ብዙ ጊዜ አይገጥምህም፣ ግን በሩ ክፍት መሆኑን እወቅ።

ስለዚህ ከመወሰንህ በፊት ኤምቪኤ ሄደህ ወይ ኦንላይን ገብተህ የራስህን ሪከርድ አውጣ። ንጹሕ ከሆነ ሂድ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሌላ ፒቢጄ ካለህ ወይ ፖይንት ከተጠራቀመብህ ጀጁም ያንኑ ወረቀት ነው የሚያየው፣ ያኔ ሎየር ማማከሩ ይሻላል።

እንግሊዝኛውን አታስብ። የሜሪላንድ ኮርቶች አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ፣ አማርኛም አለ፣ ግን ቀኑ ሲደርስ ሳይሆን ቀደም ብለህ ፎርሙን ሞልተህ መጠየቅ አለብህ። የአክስት ልጅ ይዤ እሄዳለሁ የሚባል ነገር ይቅር፣ የአክስት ልጅ የነገርከውን ሳይሆን ይሻላል ብሎ ያሰበውን ነው የሚናገርልህ።

እዛ ስትደርስ የሚሆነውን ላሳይህ። ጀጁ መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ላይ ምርጫችሁ ይሄ ይሄ ነው ይላል፣ ከዛ ስም መጥራት ይጀመራል። ፖሊሱ በራዳር ወይ በሌዘር ለካሁት፣ መሣሪያውን ቼክ አድርጌው ነበር ብሎ ያነባል። ይሄኔ ነው ሰዉ ራሱን በራሱ የሚያስረው፣ "ክቡር ዳኛ፣ 49 አልሄድኩም፣ ግፋ ቢል 43 ብሄድ ነው" ይላል፣ በቃ አመነ እኮ፣ ሊሚቱ 35 ነው! "ሁሉም ሰው እንደዛ ነበር የሚነዳው"ም ያው ነው። አንተ ስንት ላይ እንደነበርክ ካላየህ በፍጥነቱ ላይ የምትከራከርበት ነገር የለህም፣ ስለዚህ ፖሊሱ ከመጣ አምኛለሁ ግን ላስረዳ የሚለውን ምረጥ፣ ባጭሩ፦ ሪከርዴ ንጹሕ ነው፣ የምተዳደረው በመንዳት ነው፣ ፒቢጄ ቢታይልኝ። በራስህ ፈቃድ የድራይቪንግ ክላስ ወስደህ ሰርተፊኬቱን ብትይዝ አይከፋም። የትራፊኩን ግምት፣ የተሳፋሪውን ጥድፊያ፣ የቤት ኪራዩን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፣ ከኋላህ የተሰለፈ ብዙ ሰው አለ።

የቀጠሮው ወረቀት የሚመጣው ቲኬቱ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፣ ቤት ከቀየርክ ለኮርቱ አሳውቅ። ትራያል ጠይቆ መቅረት ከመክፈልም የባሰ ነው፣ ላይሰንስህን ሊያሳግድብህ ይችላል። ከስራ የቀረህበትን ቀን ገቢ ከኢንሹራንስ ጭማሪው ጋር አስተያየው፣ ጭማሪው በየወሩ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ይሄ ሁሉ የሜሪላንድ ነገር ነው። ድልድዩን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሊሚቱ 20 ማይልና ከዛ በላይ አልፈህ ወይም ከ85 በላይ ስትሄድ ከተያዝክ ጉዳዩ ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ነው፣ ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። እሱን በቲኬት ሂሳብ እንዳታየው፣ ቀጥታ ሎየር ጋ።

ጥያቄ፦ መኪናዋ በኔ ስም ናት፣ ወንድሜ ዲሲ ይዟት ሄዶ ካሜራ አነሳውና 100 ዶላር በኔ ስም መጣ። እኔ እንዳልነዳሁ ተከራክሬ ማስጣል እችላለሁ? ፖይንትስ አለው?
ከሃያትስቪል

መልስ፦ እህቴ፣ የካሜራ ቲኬት ፖይንት የለውም፣ ስለዚህ ለወንድምሽ ሪከርድ ብለሽ አትጨነቂ። ዲሲ ካሜራ የሚያየው ታርጋውን ነው፣ የሚጠይቀውም ባለቤቱን፣ ወንድሜ ነው የነዳው ብቻ ብሎ መከራከር ብዙ አያራምድም። መኪናዋን ሸጠሽ ከነበረ፣ ተሰርቃ ከነበረ ወይም ፎቶው ላይ ያለው ታርጋ ያንቺ ካልሆነ ግን ማስረጃውን አያይዘሽ ተከራከሪ፣ ኦንላይን ወይም በፖስታ ይሆናል፣ መሄድም አያስፈልግሽም። ከነዚህ ካልሆነ በ30 ቀን ውስጥ ክፈይው፣ ከዛ ካለፈ እጥፍ ይሆናል። የሜሪላንድ ታርጋ ነው ምን ያመጣሉ ብሎ መተው አያዋጣም፣ ከ60 ቀን ያለፉ ሁለት ያልተከፈሉ ቲኬቶች ካሉሽ ዲሲ ቆማ ባገኟት ቀን ጎማዋ ላይ ቡት (እንዳትንቀሳቀስ የሚቆልፍ ብረት) ያስሩባታል። 100 ዶላሩን ከወንድምሽ ተቀበይ።