ከአሳማ የተሠራ ነገር ጉልበቴ ውስጥ ከገባ መቁረብ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። የጉልበቴ ካርቲሌጅ (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አካል) ተጎድቶ ሐኪሙ ማሲ የሚባል ሕክምና አዘዘልኝ። ከራሴ ጉልበት ሕዋስ ወስደው ያራባሉ፤ የሚያራቡበት ስስ ሽፋን ግን ከአሳማ የተሠራ ነው አሉኝ። እኔ ቆራቢ ነኝ፤ በቤታችንም አሳማ ነክተን አናውቅም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ካርቲሌጅ የደም ሥር ስለሌለው እንደ ቆዳ ቁስል በራሱ አይሽርም። ለዚህ ነው በስዊድን ጎተንበርግ ያሉ ሐኪሞች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታማሚውን የራሱን ሕዋስ አራብተው ወደ ጉልበቱ መመለስ የያዙት። ያኔ ሕዋሱ ላይ የሚደረገው መሸፈኛ የሚገፈፈው ከታማሚው ከራሱ አጥንት ላይ ነበር። ማሲ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ግን ሽፋኑ ኮላጅን የሚባል የአሳማ ፕሮቲን ሆነ፤ እሱም ውሎ አድሮ ሟምቶ ይጠፋል።

ኦሪት «ሥጋቸውን አትብሉ» ብቻ ሳይሆን በድናቸውንም አትንኩ ትላለች (ዘሌ. 11፥8)፤ ያስጨነቀሽም ይኸው ይመስለኛል። ግን ወረድ ብለሽ አንብቢ፦ በድን የነካ ርኩስ የሚሆነው እስከ ማታ ነው። እስከ ማታ! አንቺ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ከቁርባን ልትርቂ ነው። ጌታም ሰውን የሚያረክሰው ከአፍ የሚወጣው ነው አለን (ማቴ. 15፥11)። አሳማ አለመብላታችንን አጥብቀሽ ያዢ፤ ይህ ግን መብል አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ደም እንዳይረጋ ሆስፒታል የሚሰጠው ሄፓሪን የሚሠራው ከአሳማ አንጀት መሆኑን ስንቱ ቆራቢ ያውቃል? ስለዚህ ታከሚ፣ ቁረቢም። ሲራክም ሐኪምን አክብር ያለን በከንቱ አይደለም (ሲራ. 38)።

ኅሊናሽ አሁንም ከከበደሽ ሌላ አማራጭ እንዳለ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ይህ ድፍረት አይደለም። የአሳማ ወይም የከብት ተዋጽኦ፣ ወይም ጄንታማይሲን የሚባለው መድኃኒት አለርጂ ካለብሽም አስቀድመሽ ንገሪው።

ስለ ስግደት አልጠየቅሽም፤ እኔ ግን እርሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ቀዶ ሕክምናው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ናሙና መውሰድ፣ ኋላ መትከል። ከተተከለልሽ በኋላ ሳምንታት በክራንች ትሄጃለሽ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ እንዳትንበረከኪ፤ ሕማማት ቢሆንም! ለበሽተኛ ስግደት ግዴታ አይደለም። ቅዳሴውንም ተቀምጠሽ አስቀድሺ፤ ካህናቱም እኮ መቋሚያ የሚደገፉት ቢደክማቸው ነው።

ወደ ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ቁረቢ። ጠበሉን ጠጪ፤ ስፌቱ እስኪድን ግን አትጠመቂ።