የጋራዥ ጥያቄና መልስ፦ እጅ የማይደርስባቸው የካምቢዮ ቡሎኖች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን አሉ። ሀዋሳ ነኝ፣ ጋራዥ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። የድሮ ሞዴል ሃይሉክስ ናፍጣ ፎር ዊል ካምቢዮውን አውጥተን ሌላ ልንገጥምለት ነው፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙትን የታችና የጎን ቡሎኖች ፈታን፣ ላይ ያሉት ሁለቱ ግን በምንም አልደረስ አሉን። ኮፈን ተከፍቶ ከላይ እጅ አይገባም፣ ከስር ተኝቼ ሳይ ደግሞ ቡሎኑ ራሱ አይታየኝም። አንዱ ልጅ ወለሉን በግራይንደር ቆርጠን እንግባ ይላል፣ ሌላው ሞተሩን አብረን እናውጣው ይላል። ባለመኪናው ደግሞ ስልኩን አላቆመም። እርሶ ምን ይላሉ?

መልስ፦ መጀመሪያ ያን ግራይንደር አስቀምጡት። እዛ አካባቢ የናፍጣ ጎማና ሽቦ ያልፋል፣ እሳት እያስፈነጠራችሁ ምን ልትሆኑ ነው? ወለሉም ቢበየድ ውሃና አቧራ ማስገባቱ አይቀርም፣ ባለመኪናው በክረምት ተመልሶ ይመጣባችኋል። ሞተሩን አብሮ ማውጣቱ ይቻላል፣ ግን ለሁለት ቡሎን ብላችሁ ራዲያተሩን ሁሉ ልታፈርሱ ነው እኮ፣ ምን በወጣችሁ።

ቡሎኖቹ የማይደረሱት ሞተሩ ገና በቦታው ቀጥ ብሎ ሳለ ስለምትሞክሩ ነው። ሞተሩን ከኋላ በኩል ዝቅ አርጉት። ሞተሩ ፊት ላይ ግራና ቀኝ ጎማ መቀመጫ ላይ ነው ያረፈው፣ ከኋላ ደግሞ የያዘው ካምቢዮው ስር ያለው ተሻጋሪ ብረት ነው። ክሪክ ካምቢዮው ስር አስገብተህ ሸክሙን ያዝ፣ በክሪኩና በካምቢዮው መሃል ጣውላ ይኑር፣ ከዛ ተሻጋሪውን ብረት ፍታና ክሪኩን ቀስ እያልክ አውርድ። ሞተሩ በፊት መቀመጫዎቹ ላይ ወደኋላ ያጋድላል፣ ካምቢዮው ከወለሉ ይርቃል፣ በሱ ጀርባ ላይ ክፍት መንገድ ታገኛለህ። የቡሎኖቹ ራስ ወደኋላ ነው የሚያየው፣ ስለዚ ከኋላ ጫፍ ጀምረህ ነው የምትፈታው እንጂ ከኮፈኑ በኩል አይደለም።

ከማውረድህ በፊት ግን ዙሪያውን እይ። የባትሪ ገመድ ተነቅሏል? ሁለቱም የማርሽ ማንሻዎች ወጥተዋል? የፊትና የኋላ ዘንጎቹስ? ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የተያያዘበትም መፈታት አለበት፣ አለበለዚያ እሱ ነው የሚይዝህ። የፍሪሲዮኑን ታችኛ ሲሊንደር ቧንቧውን ሳትከፍት ቡሎኖቹን ብቻ ፈተህ ወደ ጎን እሰረው፣ ኋላ አየር ማስወጣት የሚባል ጣጣ አይኖርብህም። አንድ ሰው ደግሞ ከላይ ቆሞ ሞተሩ ሲያጋድል የራዲያተሩ ፋን ሽፋኑን እንዳይነካ፣ ወደ ካቢን የሚሄዱት የውሃ ጎማዎች እንዳይወጠሩ ይይ። ሲወጠር ካየ በቃ ብሎ ይጩህ።

አሁን መፍቻው። የምትፈልገው ባለ 6 ጎን ሶኬት ነው፣ ባለ 12ቱን እዚህ ላይ እንዳትሞክረው፣ የጠበቀ ቡሎን ላይ ተንሸራቶ የራሱን ጥጎች በልቶ ክብ ያደርገዋል፣ እዛ ቦታ ላይ ራሱ ክብ የሆነ ቡሎን ደግሞ አያድርስ ነው። በድሮዎቹ ቶዮታዎች ትልልቆቹ ባብዛኛው በ17 ሚሊ ሶኬት የሚፈቱ ናቸው፣ ትንንሾቹ በ14። የግማሽ ኢንች ኤክስቴንሽን እየቀጣጠልክ ከካምቢዮው ጀርባ እስኪወጣ አርዝመው፣ ሶኬቱ ጋር መታጠፊያ ጆይንት አስገባበት። ጆይንቱ ግን ዝም ብሎ ይወድቃል፣ ስለዚ ናስትሮ ጠቅልልበት፣ ትንሽ ይታጠፋል ግን አይዝለፈለፍም። አንዱ ልጅ እጁን ከጎን አስገብቶ ሶኬቱን ቡሎኑ ላይ ያስቀምጥ፣ አንተ ከኋላ አዙር። ሁለት ሰው ይፈልጋል ይሄ ስራ፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ የሚል ቀኑን ሙሉ ሲሳደብ ነው የሚውለው።

የዛገ ከሆነ ማታ ደብሊው ዲ 40 ወይም ሌላ ዝገት ማላቀቂያ ንፋበትና እደር። ጠዋት መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ነካ አርገው፣ ከዛ መልሰህ ፍታው፣ ጥርሱ ላይ ያለው ዝገት የሚሰበረው እንደዛ ነው። እሳት አልመክርህም። ራሱ ክብ ከሆነ በመዶሻ የሚገባ ጠበብ ያለ ሶኬት አለ፣ እሱን ሞክር።

ሁሉንም ፈተህ እንዳትጨርስ! ጎን ላይ ሁለት ቡሎን አስቀርና ካምቢዮው ክሪኩ ላይ በደንብ ሲያርፍ፣ በገመድ ሲታሰር ነው እነሱ የሚፈቱት። ካምቢዮው ወደ ፍሪሲዮን በሚገባው ዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ዲስኩን ያጣምመዋል። መኪናውም ስታንድ ላይ ይሁን፣ ድንጋይና ክሪክ ብቻ አምኖ ስር የሚተኛ ሰው ሳይ ብስጭቴ አይበርድም።

ቡሎኖቹ ቁመታቸው ይለያያል። ካርቶን ላይ የካምቢዮውን ቅርጽ ሳልና እያንዳንዱን በቦታው ሰካው። ስትመልስ ደግሞ ላይኞቹን ሁለቱን መጀመሪያ በእጅህ አስጀምር፣ ሶኬቱ ውስጥ ትንሽ ግሪስ ብታደርግ ቡሎኑ አይወድቅም። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሳይገጥም ክፍተት ካለ በቡሎን ስቤ አስጠጋዋለሁ እንዳትል፣ ጆሮው ይሰበራል፣ የካምቢዮው ቤት አልሙኒየም ነው። መልሰህ አውጣና ዲስኩ ሴንተር ላይ መሆኑን እይ። ከወጣ አይቀር የፍሪሲዮን ኩሽኔታውንና የሞተሩን የኋላ ዘይት ማሸጊያ እያችሁ ለባለመኪናው ንገሩት፣ ለሱ ብሎ ድጋሚ ማውረድ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ አዲስ አበባ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ አውቶማቲክ። ካምቢዮው ሊቀየር ነው፣ መካኒኩ "የተደበቁ ቡሎኖች አሉ፣ ስራው ይቆያል" አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ ዋጋ ሊጨምርብኝ ነው?

መልስ፦ የዋጋውን አላውቅልሽም፣ ቡሎኖቹ ግን በእርግጥ አሉ። አውቶማቲክ ላይ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው፣ በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው፣ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርባቸው ናቸው፣ የሚታዩትም በትንሽ መስኮት አንድ በአንድ ነው፣ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ አንዱን ፈቶ ቀጣዩን ወደ መስኮቱ ማምጣት። ብዙ ቶዮታ ላይ 6 ሆነው አንዱ ቀለሙ ይለያል፣ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው። ካምቢዮውን ሲመልስ አንድ ነገር ጠይቂው፣ ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ውስጥ እስከመጨረሻው መግባቱን ለክተሃል ወይ በይው። ሳይገባ በቡሎን ከተጠበቀ የካምቢዮው ፓምፕ ይሰነጠቃል፣ የተቀየረው ካምቢዮ ሳይነዳ ይበላሻል። ለክቻለሁ ብሎ እንዴት እንደለካ ካሳየሽ ጊዜውን ስጪው።