ውሃ ብቻ የያዘችው ቱቦ

ልጆቼ፣ በሰውነታችን የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ሳጠና አንድ ጊዜ ውሃ አዋርዶኛል። ባክቴሪያ እምብዛም ከማይገኝበት የሰውነት ክፍል የተወሰዱ ናሙናዎች ይዘን ዲኤንኤ እያወጣን ነበር። በሽተኞቹን ከጤነኞቹ የሚለዩ የባክቴሪያ ስሞች ተደርድረው ወጡልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ጽሑፉን ርዕሱን ሳይቀር አሳምሬ አረቀቅሁ። አብራኝ የምትሠራ ባለሙያ ግን ረቂቁን አንብባ «ብላንኩስ የታለ?» አለችኝ። ብላንክ ማለት ናሙና ሳይገባባት ለማነጻጸሪያ የምትሠራ ባዶ ቱቦ ናት፤ አልሠራሁም ነበር። በናሙና ፋንታ ንጹሕ ውሃ ጨምረን አንዲት ቱቦ በዚያው የዲኤንኤ ማውጫ ዕቃ፣ በኪቱ፣ አሳለፍን። ውሃዋ እነዚያኑ ስሞች ይዛ ከተፍ አለች! ባክቴሪያዎቹ የአፈርና የውሃ ነበሩ፤ የመጡትም ከኪቱ ነው። የበሽተኞቹን ናሙና በአንድ ኪት፣ የጤነኞቹን ከሳምንታት በኋላ በሌላ ስላወጣሁ ነው ልዩነት የታየኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም አልጠየቅሁም።

የእኔ ስሕተት በመሳቢያ ውስጥ ቀረ። የሌሎች ግን ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግዴ ልጅ የራሱ የባክቴሪያ ማኅበረሰብ አለው ተብሎ ብዙ ተወራ። በ2019 ከ500 በላይ እናቶች ናሙና የመረመረ ጥናት ሲወጣ፣ የተገኘው ዲኤንኤ አብዛኛው ከላቦራቶሪ ዕቃና ከወሊድ ሂደት የመጣ ብክለት መሆኑ ታየ።

ሰገራ ውስጥ ባክቴሪያው ብዙ ስለሆነ ይህ ችግር ይቀንሳል። እዚያ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመም የአንጀት ባክቴሪያን ይለውጣል የሚሉ ጥናቶች ነበሩ፤ በ2015 ታማሚዎቹ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት በመውሰድና ባለመውሰድ ተለይተው ሲታዩ፣ ከለውጡ ጥቂት የማይባለው የመድኃኒቱ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የመረጃ ቅጻችሁ ላይ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ጥያቄ ከሌለ፣ የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽኑን ገና አትክፈቱት።

ባክቴሪያዎቻችን ከሴሎቻችን 10 እጥፍ ይበልጣሉ የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፣ ይቅር በሉኝ። በ1970ዎቹ የተሰላ ግምት ነበር። በ2016 እንደገና ሲሰላ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ለ30 ትሪሊዮን ሴል ሆነ፤ ሁሉም ባክቴሪያ ተጠራቅሞ 200 ግራም ገደማ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ይህ ሙያ ሰው ከሞት አፋፍ መልሷል። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ፣ አንቲባዮቲክ ሌሎቹን ሲጨርስለት አንጀቱን ብቻውን ይወርሳል፤ ተቅማጡ እየተመላለሰ ሰውየውን ያደቀዋል። ኔዘርላንድ ውስጥ ተካሂዶ በ2013 በታተመ ሙከራ ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ሰገራ ተበጥብጦ በቱቦ ወደ አንጀታቸው ከገባላቸው 16 ታማሚዎች 13ቱ በመጀመሪያው ዙር ዳኑ። ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት 13 ግን 4 ብቻ። ልዩነቱ ስለሰፋ ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆመ። እዚህ ጋ ትስስር ብቻ አይደለም የታየው፤ የጎደለው ተመለሰ፣ ሰውየው ተነሣ። አሠራሩም በከፊል ይታወቃል፦ የተመለሱት ባክቴሪያዎች የሐሞት አሲዱን ይለውጡታል፣ የተለወጠው አሲድ ደግሞ ያንን ወራሪ እንዳያድግ ያደርገዋል። ግን ተጠንቀቁ፤ በ2019 መድኃኒት የተላመደ ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ከለጋሹ ሰገራ አልፎ፣ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ታማሚ ሞቷል።

ሰገራችሁን ላኩልን፣ ምን መብላት እንዳለባችሁ እንነግራችኋለን የሚሉ ድርጅቶች ሊቀጥሯችሁ ይመጣሉ። ደመወዙ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ አልፈርድባችሁም። ብቻ ያንኑ ናሙና ሁለት ቦታ ከፍላችሁ፣ ሁለት ስም ሰጥታችሁ ላኩና መልሱን አስተያዩ።

ሥራ ስትጀምሩ የበሽተኛና የጤነኛ ናሙና በአንድ ዙር ቀላቅላችሁ አውጡ። የኪቱን ሎት ቁጥር (የተመረተበትን ዙር መለያ) ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። እኔ የሰው ጽሑፍ ስገመግም ዛሬም ውጤቱን አላነብም፤ መጀመሪያ ወደ ዘዴው ክፍል ወርጄ ያቺን የውሃ ቱቦ እፈልጋለሁ።