ፋፍሳ ሞልታችሁ ለቬሪፊኬሽን ተመርጣችኋል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ብዙ የኛ ሰው ፋፍሳ (የአሜሪካ መንግሥት የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ) ከሞላ በኋላ ለቬሪፊኬሽን (የሞላው መረጃ እውነት መሆኑ እንዲጣራ) ተመርጠሃል የሚለውን ደብዳቤ አይቶ ደንግጦ ይደውልልኛል። እዚሁ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለቬሪፊኬሽን ተመርጣለች ተባልን። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ምንም አላጠፋችሁም። አንዳንዱ እንዲሁ በዕጣ ይወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሞላው መረጃ እርስ በርሱ ስላልገጠመ ነው። ኮሌጁም በራሱ ሊመርጥ ይችላል። ደብዳቤው ክስ አይደለም። ግን ዝም አትበሉ። ወረቀቱ ካልተሟላ ፔል ግራንቱ (የማይመለሰው የመንግሥት እርዳታ) አይለቀቅም፣ እሱ ደግሞ በ2025-26 እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው ላይ የማጣሪያው ዓይነት የኛ ቪ4 ይላል፣ የጓደኛዬ ልጅ ደግሞ ቪ1።

መልስ፦ ቪ1 የገቢ፣ የታክስና የቤተሰብ ብዛት ማጣሪያ ነው። ቪ4 ማንነት ነው፦ ልጁ መታወቂያውን ይዞ ኮሌጁ ቢሮ ይቀርባል። መሄድ ካልቻለ ኖታሪ (ሕጋዊ ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት ማንነቱን ያረጋግጣል። ቪ5 ሁለቱንም ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አብረን ነው የምንኖረው። ታክስ የሠራልን ሰው ግን ሁለታችንንም ለየብቻ "ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ" (ያለ ትዳር ጓደኛ ቤተሰብ የሚያስተዳድር) አድርጎናል። ፋፍሳ ላይ ያገባን ብለናል። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። በኛ ሰው ዘንድ ደጋግሜ የማየውና የሚያመኝም ይሄ ነው። አንዲት እናት ሁለት 1040 (የዓመቱ የታክስ ቅጽ) ይዛ መጣች፣ አንዱ የሷ፣ አንዱ የባሏ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው፣ ሁለቱም ላይ ያለው አድራሻ እስከ አፓርትመንት ቁጥሩ ድረስ አንድ ነው። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት በዚያ መንገድ ታክስ ማስገባት አይችሉም፤ ያገባ ሰው እንደዚያ እንዲያስገባ ከሚጠየቀው አንዱ የትዳር ጓደኛው በዓመቱ የመጨረሻ 6 ወራት እቤት ያልኖረ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ተቃርኖ ያየ ኮሌጅ ደግሞ ነገሩ ሳይጠራ ገንዘብ መልቀቅ አይችልም፣ ቢያዝንላችሁም አይችልም። መፍትሔው ታክሱን በ1040-ኤክስ (የማስተካከያ ቅጹ) ማስተካከልና የተፈረመውን ኮፒ ማምጣት ነው። ለአይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) የምትመልሱት ገንዘብ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሌላ ታክስ ሠሪ ጋ ሂዱ። ዛሬውኑ ጀምሩት፣ ልጁ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀምር አይደለም።

ጥያቄ፦ የኔ ላስት ኔም ከልጄ አይገጥምም፣ የአባቱም ከኔ። ይከለክሉናል?

መልስ፦ አይከለክሉም። የሚፈለገው የእያንዳንዱ ሰው ስም ከራሱ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ጋር ፊደል በፊደል እንዲገጥም ነው። ይልቅ የትውልድ ቀኑን ተጠንቀቁ። መስከረም 5 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2006 ነው። 7 መደመር ሲገባ 8 የደመረ ሰው 2007 ብሎ ይሞላና ከሶሻል መዝገቡ ጋር አልገጥም ይላል።

ጥያቄ፦ ታክሳችን ፋፍሳው ላይ በቀጥታ ከአይአርኤስ ገብቷል። አሁንም ትራንስክሪፕት (የአይአርኤስ የታክስ ማጠቃለያ ወረቀት) ላምጣ?

መልስ፦ ፈቃድ ሰጥታችሁ በቀጥታ የገባና ያልተነካ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በእጅ የሞላችሁት ከሆነ ግን ትራንስክሪፕት ወይም የተፈረመ 1040 ትጠየቃላችሁ። ትራንስክሪፕቱ ከአይአርኤስ በነፃ ይገኛል። ዓመቱን እዩት፦ ለ2026-27 የሚፈለገው የ2024 ታክስ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በየወሩ እልካለሁ። ቤተሰብ ብዛት ውስጥ ትገባለች?

መልስ፦ አትገባም። እንደ እናት ያለ ዘመድ የሚቆጠረው አብሯችሁ የሚኖርና ከግማሽ በላይ ወጪውን የምትሸፍኑለት ከሆነ ነው።

ጥያቄ፦ በ2024 ጥሩ እሠራ ነበር፣ አሁን ከሥራ ተቀንሻለሁ።

መልስ፦ ይሄን በፍጹም ዝም ብላችሁ አትለፉት። ኮሌጁን "ፕሮፌሽናል ጀጅመንት" (የገቢ ለውጡን አይቶ እርዳታውን እንደገና ማስላት) እፈልጋለሁ በሉት፣ የተቀነሳችሁበትን ደብዳቤና የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት አያይዙ። ቬሪፊኬሽኑ ግን መጀመሪያ ማለቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ከፍላችሁ እናስጨርስላችሁ የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አትክፈሉ። ፋፍሳም ቬሪፊኬሽንም ነፃ ነው። ሶሻል ቁጥር ያለበትን ወረቀትም ለማንም በዋትሳፕ አትላኩ፣ በኮሌጁ ፖርታል አስገቡ።