ወደ ቲቤት በእግር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቲቤት ውስጥ ስላለው ስለ ካይላስ ተራራ ዙሪያ ጉዞ ካወራሁላችሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፎልኛል። ደስ ብሎኛል። ቲቤት አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱን ጊዜ ሰው ይዤ ነው የሄድኩት። የማውቀውን ሳልሰስት እመልሳለሁ። ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ግማሾቻችሁ «በስንት ቀን ያልቃል?» ብላችኋል። እዚያ አገር ሰው የሚጎዳው ከመቸኮል ነው። ይሄን ደጋግሜ ብናገር አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፣ ከቼንግዱ፦ እዚህ የምማር ተማሪ ነኝ። የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ባቡር ተሳፍሬ ብቻዬን ላሳ ብሄድስ?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። የቻይና ቪዛም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻውን ወደ ቲቤት ራስ ገዝ ክልል አያስገባም። የውጭ ዜጋ ሁሉ የቲቤት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን ራስህ ሄደህ አታወጣውም። ሕጋዊ አስጎብኚ ድርጅት ጉዞህን ቀን በቀን ጽፎ ያመለክትልሃል። ያለሱ አውሮፕላንም ባቡርም ላይ አያሳፍሩህም። ከዋና ከተማው ከላሳ ወጣ ስትል ሌላ ፈቃድ አለ። ወደ ኤቨረስት ወይም ወደ ካይላስ ከሆነ የድንበር አካባቢ ፈቃድ ይጨመራል። ሁሉንም ድርጅቱ ይጨርሰዋል፤ ካንተ የሚፈለገው የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ነው። ከአንድ ወር በፊት ጀምር። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ማርችን ሙሉ ክልሉ አብዛኛውን ጊዜ ለውጭ ዜጋ ዝግ ስለሚሆን ያን ወቅት ተወው።

ግን አንተ ያለኸው ሲቹዋን ክፍለ ሀገር፣ ቼንግዱ ነው! የቲቤት አምባ ምድር እኮ ክልሉ ብቻ አይደለም። ስፋቱ 2.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኢትዮጵያ እጥፍ ይበልጣል። ምዕራብ ሲቹዋን፣ ቺንግሃይ፣ የጋንሱ ደቡብ ሁሉ የቲቤታውያን አገር ነው፤ ለእነሱ ያ የጉዞ ፈቃድ አያስፈልግም። ጋንሱ ውስጥ በ1709 የተመሠረተው የላብራንግ ገዳም አለ። ዙሪያውን የጸሎት መንኩራኩር ተደርድሮለታል። ጠዋት ጠዋት አሮጊቶች መንኩራኩሩን እየነኩ፣ እያሽከረከሩ ሲዞሩ ታያለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ተማሪ እኔ የምመርጥለት ይሄንን ነው። አንዳንድ አካባቢ በድንገት ስለሚዘጋ ብቻ ከመነሳትህ በፊት ጠይቅ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ከፍታ ለምደናል አይደል? እኛንም ያመናል?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ሰው ትንሽ ትሻላለህ። ላሳ ግን 3,650 ሜትር ነች። በካይላስ ዙሪያ የሚታለፈው ከፍተኛው ቦታ ዶልማ ላ ከ5,600 ሜትር በላይ ነው። ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ያገራችን ጫፍ ላይ ብትቆም እንኳ ገና ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀርሃል ማለት ነው። እዚያ አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከምታገኘው ግማሽ ገደማ ነው።

ተመራማሪዎች የቲቤትን ሰዎችና የስሜን ተራሮች ነዋሪዎቻችንን አጥንተዋል። ሁለቱም ከፍታውን ለምደውታል፤ የለመዱበት መንገድ ግን የተለያየ ሆኖ ተገኝቷል። ይሄ ታዲያ ለብዙ ሺህ ዓመታት ደጋ ላይ የኖረ ሕዝብ ጸጋ ነው። አዲስ አበባ ማደግ ዋስትና አይሆንም። ስፖርተኛ መሆንም አያድንም። እንዲያውም ጎበዝ ወጣቶች ፈጥነው ስለሚሄዱ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚታመሙት እነሱ ናቸው።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኛበት ቦታ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። በየ3 ወይም 4 ቀኑ አንድ ቀን እረፍ። ላሳ ላይ ቢያንስ 3 ሌሊት እደር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ እዚያው ቆይ፤ አትውጣ። ሰውየው ሲራመድ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታበት፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይውረድ። እስኪነጋ አይጠበቅም። ዳያሞክስ የሚባል መድኃኒት ይረዳል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ሐኪም ሳታማክር አትዋጠው።

ይሄን ያህል የማስረዝመው ያየሁት ስላለ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ርካሽ ብዬ የያዝኩት አስጎብኚ ድርጅት በችኮላ ወደ ኤቨረስት ሥር ይወስደን ጀመር። ላሳ ያደርነው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር። አብራን የነበረች ልጅ ቲንግሪ ስንደርስ ማስታወክ ጀመረች። ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን አጠገቧ ይዘን ተቀመጥን። ስትሻል ስትብስ አደረች። ጠዋት ወደ ታች መለስናት፤ ደህና ሆነች። እኔ ግን ያቺን ሌሊት አልረሳትም። ስለዚህ ፕሮግራም ሲልኩልህ ከሆቴሉ በፊት በየሌሊቱ የምትተኛበትን ከፍታ እይ። ካልጻፉት ጠይቅ። መልስ ከሌላቸው ሌላ ፈልግ።

ጥያቄ፣ ከሲያትል፦ የእግር ጉዞ ሲባል ኤቨረስት ካምፕ ነው የሚታየኝ። እሱን ነው የምታስበልጠው?

መልስ፦ በእግር የምትደርስበት በኔፓል በኩል ያለው ነው። በቲቤት በኩል አስፋልቱ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ እስካለው ሮንግቡክ ገዳም ያደርስሃል። ተራ ጎብኚም ከዚያ አካባቢ አያልፍም። 8,848.86 ሜትሩን ተራራ ፊት ለፊት ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። መራመድ ከፈለግክ ግን ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉልህ።

አንዱ ከጋንደን ገዳም ወደ ሳምዬ ገዳም ነው። ጋንደን በ1409 የተመሠረተ ነው። ሳምዬ ደግሞ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የቲቤት የመጀመሪያው ገዳም። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 4 ወይም 5 ቀን ይወስዳል። ጓዝህን ያክ ይሸከምልሃል፤ ያ ጸጉራም የደጋ በሬ ማለቴ ነው። ዘላኖቹ ከያክ ጸጉር በተሠራ ጥቁር ድንኳን ውስጥ ይኖራሉ። ከ5,000 ሜትር በላይ ሁለት «ላ» ታልፋለህ። ላ ማለት እኛ ጣርማ በር ስንል «በር» እንደምንለው ነው፤ ተራራውን የምትሻገርበት አንገት። እዚያ ላይ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ የጸሎት ጨርቆች ይውለበለባሉ፤ ሰማይ፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃና ምድር ናቸው ይላሉ።

ሁለተኛው ካይላስ ነው። ከላሳ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ትሄዳለህ። ተራራው 6,638 ሜትር ነው። ጫፉን የረገጠ ሰው አይታወቅም፤ መውጣትም አይፈቀድም። ለሂንዱዎች የሺቫ መኖሪያ ነው። ቡድሂስቶች፣ ጄይኖችና የቲቤት ነባር ሃይማኖት የሆነው የቦን ተከታዮችም ቅዱስ ይሉታል። ሰው የሚመጣው ሊዞረው ነው። ዙረቱን «ኮራ» ይሉታል፤ በኛ ቤት ቋንቋ ዑደት ነው። 52 ኪሎ ሜትር፤ ለኛ 3 ቀን። ብዙ ቲቤታውያን ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው በአንድ ቀን ይጨርሱታል። መንገዱን በሙሉ በግንባራቸው እየተደፉ፣ በቁመታቸው እየለኩ የሚዞሩም አሉ፤ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። በሁለተኛው ቀን፣ ዶልማ ላን ስወጣ፣ አንዲት የናቴ እኩያ ሴት እንዲህ እየሰገዱ አለፍኳቸው። ቆም ብዬ ውኃ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ፈገግ አሉና ቀጠሉ። ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ።

2026 በነሱ የፈረስ ዓመት ነው። በፈረስ ዓመት አንድ ዙር እንደ 13 ይቆጠራል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ በዚያ ዓመት የሚሄድ ሰው ሕዝቡ ብዙ እንደሚሆን፣ ማደሪያም እንደሚጠብ አውቆ ይነሳ።

ጥያቄ፣ ከዋሽንግተን፦ 61 ዓመቴ ነው ልጄ። ጉልበቴ ያመኛል። ለኔ የሚሆን አለ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ኧረ አይቅርብዎት! ሐኪምዎ ልብዎንና ሳንባዎን አይቶ ከፈቀደልዎ ላሳ ብቻዋን ሳምንት ትሞላለች። ከቺንግሃይ ዋና ከተማ ከሺኒንግ በባቡር ይግቡ። 1,956 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሌሊት አድረው ይደርሳሉ። ባቡሩ 5,072 ሜትር ላይ ታንግላ የሚባለውን በር ሲያልፍ ፉርጎው ውስጥ ኦክስጅን ይለቀቃል። ላሳ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ቀን ይተኙ።

ከዚያ ጆካንግ ቤተ መቅደስን የሚዞረው ባርኮር አለ። ሜዳ ነው፤ ጉልበት አይጠይቅም። ማለዳ ከተሳላሚው ጋር ቀስ ብለው ይዙሩ። ከየገጠሩ የመጣው ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ፖታላ ቤተ መንግሥት ግን ደረጃው ብዙ ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1645 ሲሆን ከ1,000 በላይ ክፍሎች አሉት። መግቢያው በሰዓት የተቆረጠ ስለሆነ አስጎብኚው አስቀድሞ ያስይዝልዎ። መውጣቱ ከከበደዎ ማታ ከታች ሆነው በመብራት ይዩት። ሴራ ገዳምን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። መነኮሳቱ ግቢው ውስጥ እያጨበጨቡ በሃይማኖት ጥያቄ ይከራከራሉ።

ጥያቄ፣ ከሃይፋ፦ ከሠራዊት ወጥቼ ኔፓል ልሄድ ነው። ከካትማንዱ በመኪና መሻገር ይቻላል?

መልስ፦ በኪሮንግ በኩል ነው የሚሻገሩት። በጁላይ 2025 ጎርፍ የድንበሩን ድልድይ ወስዶታል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት መንገዱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አረጋግጥ። ከኔፓል ለሚገባ ሰው ለብዙ ዓመታት የተሠራበት የቡድን ቪዛ ነው። ፓስፖርትህ ላይ ያለውን የቻይና ቪዛ ሊሰርዝብህ ስለሚችል አስቀድመህ ጠይቅ። ሌላው ደግሞ በዚህ በኩል በመኪና ስትገባ በአንድ ቀን ብዙ ከፍታ ትወጣለህ። ኪሮንግ ላይ አንድ ቀን ጨምረህ እደር።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። ብዞር ሃይማኖቴን አይነካብኝም? ጾም ቢሆንስ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ እኔ በዚህ አልፈርድም። የራሴን ልንገርህ። እኔ አልሰግድም፣ ዕጣንም አላጨስም። ስገድ ብሎ ያስገደደኝም የለም። ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። በነሱ አቅጣጫ፣ ቀኝ እጄን ወደ ቅዱሱ ነገር አድርጌ እሄዳለሁ። የቦን ተከታዮች ብቻ በተቃራኒው ይዞራሉ። እግርን ወደ መሠዊያ ዘርግቶ መቀመጥ ነውር ነው። ቤተ መቅደስ ውስጥ ሳይፈቀድልህ ፎቶ አታንሳ። እኛስ ቅዳሴ ላይ ካሜራ ይዞ የሚገባ ሰው ደስ ይለናል?

ጾሙ ይቻላል፤ ግን አስጎብኚህ ቀድሞ ይወቅ። ሻያቸው በያክ ቅቤና በጨው የተናጠ ነው፤ አይሆንህም። ተራ ሻይ ጠይቅ። የአትክልት ኑድልና ሩዝ ላሳ ውስጥ አታጣም። ገጠር ከወጣህ ደግሞ ጻምፓ አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ጥያቄ፣ ከፍራንክፈርት፦ አስጎብኚውን ስለ ዳላይ ላማ ብጠይቀውስ?

መልስ፦ አትጠይቂው እህቴ። የቲቤት ቡድሂስቶች መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ በ1959 ወጥተው ሕንድ ነው ያሉት። ፎቶአቸውን እዚያ መያዝ ክልክል ነው፤ ስልክሽ ላይ ካለ አጥፊው። አንቺ ከሳምንት በኋላ አገርሽ ትገቢያለሽ። እሱ ግን እዚያው ነዋሪ ነው፤ ሥራውም ቤተሰቡም እዚያ ነው። ይልቅ ስለ እናቱ፣ ስላደገበት መንደር፣ ስለ ያኮቻቸው ጠይቂው። እኔ ስለ ቲቤት የማውቀውን አብዛኛውን የሰማሁት እንዲህ ካሉ ወሬዎች ነው። ስትመዘገቢም አስጎብኚዬ የአገሩ ተወላጅ ይሁን በይ።

ጥያቄ፣ ከዱባይ፦ ወጪውስ? መቼ ልሂድ?

መልስ፦ ወጪውን የሚያከብደው መኪናው፣ ሹፌሩና አስጎብኚው ነው። 4 ሆናችሁ ብትካፈሉ በጣም ይቀላል። ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ጥሩ ናቸው። ጁላይና ኦገስት ይዘንባል። ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ወፍራም ጃኬትም የፀሐይ ክሬምም ያዝ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ለመንገድ ስንቅ ምን ልያዝ?

መልስ፦ ካንተ አገር የተሻለ መልስ የለኝም፤ በሶ! ጻምፓ ያልኳችሁ እሱው ነው። ገብስ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ አለቀ። እነሱ በቅቤ ሻይ በጣታቸው ለውሰው፣ በእጃቸው ጨብጠው ይበላሉ። በጾም ቀን በሙቅ ውኃ መለወስ ትችላለህ። እኔ ሁለት ኪሎ በሶ ይዤ ሄጄ ነበር። ከጋንደን ስንወጣ በሁለተኛው ማታ ለያክ ነጂዎቹ አቀረብኩላቸው። አንዱ ሽማግሌ ቆንጥረው ቀመሱ። ከዚያ ከረጢቱን ከፍተው የራሳቸውን ጻምፓ አወጡና ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩ። ለአስጎብኚው የሆነ ነገር ነገሩት። «ከየትኛው መንደር ነው የመጣው?» ነው ያሉት።