«ቼር» ብለን ሰጠን፣ ወንበር ተገዛበት

«ሟች አባታችን ጠበቃ ነበሩ፤ በስማቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕግ ፕሮፌሰርነት ቼር ማቋቋም እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኛም የአባዬን ሙት ዓመት አውጥተን ይህንኑ ነበር ያልነው። ቼር ማለት ለጋሽ በሰጠው ገንዘብ የሚቆም፣ በስም የሚጠራ የፕሮፌሰር መንበር ነው። 38 ዓመት ዳኛም ጠበቃም ሆኖ ሠርቷል። ልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ራፖር ጸሐፊዎቹ ሁሉ ያውቁት ነበር።

1. ውሉን ራሳችሁ አርቅቁት። እኛ በ2011 3 ሚሊዮን ብር አዋጥተን ሄድን። ቡና ቀረበ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ታላቅ ወንድሜ ሳያነብ ፈረመ። የሕግ ሰው ልጅ! ወረቀቱ የሚለው «ለሕግ ትምህርት ማጠናከሪያ የተሰጠ ስጦታ» ብቻ ነው። «ዋናው ገንዘብ አይነካም፣ ወጪ የሚሆነው ትርፉ ብቻ ነው» የምትል መስመር የለችም። ኢንዶውመንት ማለት እኮ እሷው መስመር ናት። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 483 እንኳ ንብረቱ ለዘለቄታው፣ ላይመለስ ለአንድ ዓላማ መዋሉን ነው የሚያነሳው። የእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕግ ጸሐፊው ቻርልስ ቫይነር በኑዛዜ በተወው ሀብት የሕግ መንበር አቋቁሞ፣ በ1758 እ.ኤ.አ. እውቁን የሕግ ምሁር ብላክስቶንን አስቀመጠበት። መንበሩ ዛሬም አለ። የእኛው ሁለት ዓመት አልሞላውም።

2. ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። 3 ሚሊዮን በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ በዓመት 210,000፣ በወር 17,500 ነው። በዚህ ፕሮፌሰር አይቀጠርም፤ ድጎማ በሉት። ዋናውንም ኑሮ ውድነቱ ይበላዋል። ከወለዱ ከፊሉ ወደ ዋናው እንዲመለስ ጻፉ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ 57 የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። «ቤት አከራዩበት» የሚሏችሁም አሉ። ፒያሳ ሱቅ የነበረው አጎቴ ግን የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ምን እንደሆነ ጠይቁት።

3. የፕሮፌሰርነት ማዕረግ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። የእናንተ ድርሻ በማዕረጉ ላይ ያለ ሰው የሚቀመጥበትን መንበር በገንዘብ ማቆም ነው። ይህን ላስረዳ ስሞክር አንድ ኃላፊ፣ ስሙን ይቅርና ቢሮውንም አልጠራም፣ ከስልኩ ቀና ሳይል «ፕሮፌሰርነት በገንዘብ ይገዛል እንዴ?» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ሦስት ቀን ነበር የተመላለስኩት።

4. ተከታተሉ። በ2013 ሄጄ «ቼሩ ማን ተሰጠው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቷ መዝገብ ገልጣ፣ በትሕትና፣ ወደ አዳራሹ ወሰደችኝ። ሰማያዊ ጨርቅ የለበሱ አዳዲስ ወንበሮች ተደርድረዋል። «ለትምህርት ማጠናከሪያ» ነዋ፤ ውሉን ማን ጣሰ? ጀርባቸው ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፏል፤ አጠገቡ ደግሞ በማርከር የአባዬ ስም፣ አንድ ፊደሉ ተሳስቶ። ተናድጄ እያለሁ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ለነገሩ ይመቻል።

ረቂቁን ስትጨርሱ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ። ወንድሜ ግን አይፈርምም።