«ቋሚ ስራዬን ትቼ የአንድ ዓመት ኮንትራት ልያዝ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ከነመልሶቹ አነበብኩት። ግማሹ ሰው «በዚህ ጊዜ ቋሚ ስራ አይለቀቅም» ይላል። ግማሹ «ብሩ ወዳለበት ሂጂ» ይላል። ማንም ቁጥሩን ቁጭ ብሎ ያሰላልሽ አላየሁም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ አስመጪ ድርጅት በቋሚነት ሂሳብ ትሰሪያለሽ። አራት ዓመት ሞልቶሻል። ደመወዝሽ 16,000 ብር ነው። ድርጅቱ ዕቃ ማስገባት ቀንሷል፣ ትርፍ ሰዓት ቀርቷል፣ ደመወዝም ሰሞኑን እየዘገየ ነው። አንድ አገር በቀል ኤንጂኦ ደግሞ በ38,000 ብር የአንድ ዓመት ኮንትራት አቅርቦልሻል። «ሊራዘም ይችላል» ብለውሻል። የቤት ኪራይ አለብሽ፣ እናትሽንም ትረጃለሽ።

እኔ ለረጅም ጊዜ ከፕሮጀክት ፕሮጀክት በኮንትራት ስሰራ ኖሬያለሁ። መሃል ላይ አንድ ፋብሪካ ፋይናንስ ክፍል በቋሚነት ገብቼ ነበር። አሁን ተመልሼ ኤንጂኦ ነኝ። ሁለቱም ቤት ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

መጀመሪያ ከቋሚው ልጀምር። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ የሚያመጣው ከውጭ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ሲረዝም ማሽኑ ቆመ። ማንም አልተባረረም። የቅጥር ደብዳቤያችን ላይ «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚለው ቃል እንዳለ ነው። ደመወዙ ግን መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ በግማሽ መጣ፣ ከዚያ «ውላችሁ ለጊዜው ታግዷል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሰሪው በራሱ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ስራ ሲያቆም ውልሽ እንዲታገድ ይፈቅዳል። የሚመለከተው መስሪያ ቤት ማጽደቅ አለበት፣ ከ90 ቀን መብለጥም አይችልም። በእገዳው ጊዜ አሰሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ሶስት ወር ያለ ደመወዝ «ቋሚ ሰራተኛ» ሆኖ መቀመጥ ይቻላል ማለት ነው። የቤት አከራይ ይህን አይሰማም።

ያንቺ ድርጅት አስመጪ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዱሮው ምንዛሪ ዕቃ ያመጣ የነበረ ነጋዴ ያንኑ ዕቃ ለማምጣት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ብር ያስፈልገዋል። ገዢው ግን ደመወዙ እጥፍ አልሆነም። ስለዚህ ሽያጭ ሲቀንስ፣ ትርፍ ሰዓት ሲቀር፣ ደመወዝ ሲዘገይ እያየሽ ያለሽው የአንድ ወር ችግር ላይሆን ይችላል። አንቺ ደግሞ ሂሳብ ክፍል ነሽ። ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለ፣ ከተሰብሳቢው ሂሳብ የቱ እውነት እንደሚሰበሰብ፣ የባንክ ብድሩ ክፍያ መቼ እንደሚደርስ ከማንኛችንም በላይ ታውቂያለሽ። እዚህ ከምንጽፍልሽ ሁሉ እሱን እመኚ።

አሁን ወደ ኮንትራቱ። በፕሮጀክት ዓለም «አንድ ዓመት» ሲባል አንድ ዓመት ማለት አይደለም። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግስት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጻፈ። እኔ በማውቃቸው ቢሮዎች ዓርብ ዕቅድ ሲያወጡ የነበሩ ሰዎች በቀጣዩ ሳምንት ንብረት ያስረክቡ ነበር። ብዙዎቹ ውላቸው ገና ወራት ይቀረው ነበር። ግን ወደ መጨረሻው ገጽ አካባቢ አንድ መስመር አለች። «ይህ ውል የሚጸናው ከለጋሹ የሚገኘው ገንዘብ እስከቀጠለ ድረስ ነው» ትላለች። ስንፈርም ማንም እሷን አያነብም። ደመወዙ የተጻፈበትን ገጽ ነው የምናየው።

እና እኔ «ቋሚ» ወይም «ኮንትራት» የሚለውን ስም ካየሁ ቆየሁ። ሁለት ነገር ነው የማየው። ደመወዙን የሚከፍለው ገንዘብ ከየት ነው የሚመጣው፣ እስከ መቼስ ይቆያል? ያ ገንዘብ የቆመ ቀንስ ምን ይዤ እወጣለሁ?

ሁለተኛውን በቁጥር እንየው። አሁን ያለሽበት ድርጅት በህጉ መሰረት የሰራተኛ ቅነሳ ቢያደርግና ብትቀነሺ የስራ ስንብት ክፍያ ታገኛለሽ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ ለተጨመረው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሶስተኛ ይታከላል። ለአራት ዓመት 32,000 ብር ይመጣል። ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፣ ሌላ 32,000 ነው። ድምሩ ግብር ሳይነካው 64,000 ብር፣ የአራት ወር ደመወዝ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና ያልተጠቀምሽበት የዓመት ዕረፍት አለ።

ችግሩ አሰሪዎችም ይህን ሂሳብ ያውቁታል። ስለዚህ ሲቸግራቸው ቅነሳ ብለው አይነሱም። አንድ በአንድ ጠርተው «ራስሽ ብትለቂ ይሻላል፣ ጥሩ የስራ ልምድ እንጽፍልሻለን» ይላሉ። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ከፈረምሽ ያ 64,000 ብር የለም። በፈቃዱ የሚለቅ ሰው የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው፣ ያውም ድርጅቱ አሰልጥኖት የማገልገል ግዴታ ከሌለበት። አንቺ አራት ላይ ነሽ። ዛሬ ለቀሽ ወደ ኮንትራቱ ብትሄጂም እንደዚያው በባዶ እጅሽ ነው የምትወጪው። ይህን እንደ ወጪ ቁጠሪው።

ኮንትራቱስ ሲያልቅ? ጊዜው ስለደረሰ ብቻ ያለቀ ውል የስንብት ክፍያ የለውም። «ቻው» ነው። ስለዚህ ኮንትራት የያዘ ሰው የስንብት ክፍያውን በየወሩ ከራሱ ደመወዝ ነው የሚቆርጠው።

ይበቃል ወይ? እናስላው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሰራበት የደመወዝ ግብር ከ16,000 ብር ላይ 3,550 ብር ግብር፣ 1,120 ብር ደግሞ 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። እጅሽ ላይ 11,330 ብር ይደርሳል። ከ38,000 ብር ላይ ግብሩ 11,250፣ ጡረታው 2,660 ነው። የሚደርስሽ 24,090 ብር። የወር ልዩነቱ 12,760 ብር ነው። ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱን ሳትነኪ፣ አሁን በምትኖሪበት ኑሮ ኖረሽ ብታስቀምጪው 153,120 ብር ይሆናል። የአሁኑ የተጣራ ደመወዝሽ 13 ወር ተኩል ማለት ነው። ከስንብት ክፍያው ጋር አወዳድሪው።

ግን «ሳትነኪ» ያልኩት ቃል ከባድ ነው። ደመወዝ ሲጨምር ቤት ይቀየራል፣ ዘመድ ይሰማል፣ ዕቁቡ ያድጋል። (ስለ ዕቁብ ካነሳን፣ መዋጮው ከውልሽ ማብቂያ በኋላ የሚቀጥል ትልቅ ዕቁብ ውስጥ አትግቢ። ዕጣ ደርሷቸው ገንዘቡን ከጨረሱ በኋላ ስራቸው ያለቀ ሰዎች ከዳኛው ሲደበቁ አይቻለሁ።) ኑሮሽን ወደ 38,000 ከፍ ካደረግሽው ኮንትራቱ ባለቀ በሁለተኛው ወር ከአሁኑ የባሰ ችግር ላይ ነሽ። ከልዩነቱ ሁለት ሶስተኛውን ማስቀመጥ የማትችዪ ከሆነ፣ እኔ ባለሽበት ብትቆዪ እመርጣለሁ።

ደግሞ 38,000 ሲሉሽ በየትኛው ዓይነት ውል እንደሆነ ጠይቂ። የቅጥር ውል ነው? ጡረታ፣ 16 የስራ ቀን የዓመት ዕረፍት፣ የህመም ፈቃድ አለው? ወይስ «ኮንሰልታንት» ብለው የአገልግሎት ውል ነው የሚያስፈርሙሽ? በአገልግሎት ውል ከሆነ ዕረፍት የለም፣ አሰሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ የለም፣ የዓመት መጨረሻ ግብሩም ያንቺ ራስ ምታት ነው። ያ 38,000 ከሌላው 38,000 ጋር አንድ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀጣሪሽ ኤንጂኦው ሳይሆን መሃል ያለ ኤጀንሲ ሆኖ ይገኛል። ማህተሙ የማን እንደሆነ እዪ።

ህጉን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጁ መሰረት ማንኛውም የስራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚቆጠረው። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው፤ ለተወሰነ ስራ፣ ለጊዜው የሌለን ሰራተኛ ለመተካት፣ ያልተለመደ የስራ ብዛት ሲያጋጥም፣ ለወቅታዊ ስራ፣ እንዲህ ላሉት። ዓመት ከዓመት የማይቋረጥን ስራ በየስድስት ወሩ «ኮንትራት» እያሉ ማደስ ፍርድ ቤት ሲደርስ ላይቆም ይችላል። ፕሮጀክት ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ስራ ስለሆነ ይህ መከራከሪያ ለአንቺ ብዙም አይጠቅምሽም። ሌሎች የሚያነቡ ልጆች እንዲያውቁት ነው።

ወደ ኤንጂኦው እንመለስ። ቃለ መጠይቁን አልፈሻል፣ ስለዚህ አሁን ጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ዶነሩ፣ ማለትም ገንዘቡን የሚሰጠው ለጋሽ፣ ማነው? የፕሮጀክቱ ስምምነት የሚያበቃው መቼ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ዋና ነው። ፕሮጀክቱ ሶስት ዓመት ሆኖ የመጀመሪያው ላይ ከሆናችሁ «ይራዘማል» የሚለው ወሬ መሰረት አለው። ሊያልቅ አስር ወር የቀረው ከሆነ ግን «ይራዘማል» ማለት «አዲስ ገንዘብ እንፈልጋለን» ማለት ነው። አንዳንዴ ዶነሩ ያልተጠቀሙበትን ብር ይዘው ጊዜ እንዲጨምሩ ይፈቅዳል። ያኔም ሁሉም ሰው አይቀጥልም።

ሌላው፣ ደመወዝሽ ከአንድ ፕሮጀክት ነው ወይስ ከብዙ? በብዙ ቢሮዎች የፋይናንስ ሰው ደመወዝ 40 በመቶ ከዚህ፣ 30 በመቶ ከዚያ እየተባለ ይከፋፈላል። ይህ ለኛ ሙያ ጥሩ ነው። አንዱ ዶነር ቢወጣ ደመወዝሽ ይጎዳል እንጂ በአንድ ቀን አይጠፋም። በዚያ ላይ ፕሮጀክት ሲዘጋ የመጨረሻ ሪፖርት አለ፣ ኦዲት አለ፣ ንብረት ማስረከብ አለ። የመስክ ሰራተኞች ከተሰናበቱ በኋላ ፋይናንስ ወር ሁለት ወር ይቆያል። የመጨረሻውን መብራት የምናጠፋው እኛ ነን ብለን እንቀልዳለን።

ከዚያ የማቋረጫ አንቀጹን አንብቢ። ገንዘቡ ቢቆም ስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጡሻል? በተወሰነ ጊዜ ውል ላይ የማስጠንቀቂያው ርዝመት በውሉ የሚወሰን ነው። ስለዚህ መደራደር ትችያለሽ። ሰው ደመወዝ ላይ ይደራደራል፣ እዚህ ላይ ግን ዝም ይላል። አንድ ወር እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ጨዋነት የጎደለው ጥያቄ አይደለም። እምቢ ካሉሽም ስለገንዘቡ ራሳቸው እርግጠኛ እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ።

የሙከራ ጊዜም አለ። እስከ 60 የስራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ «አልሆንሽንም» ቢሉሽ ማስጠንቀቂያም ካሳም የለም። አንቺ አሁን ካለሽበት የሙከራ ጊዜን ካለፍሽ ቆይተሻል።

ቋሚ ስራ ከገንዘብ ውጭ የሚሰጠው ነገርም አለ። ባንክ ብድር ስትጠይቂ መጀመሪያ የሚያዩት የቅጥር ደብዳቤውን ነው። ዋስ ሁኚልኝ የሚልሽም ቋሚ ስለሆንሽ ነው (ይህኛው ጣጣ ቢቀርልሽ እንኳን ደስ አለሽ)። በሚቀጥለው ዓመት የቤት ወይም የመኪና ብድር የማሰብ ነገር ካለሽ እሱንም አስቢበት።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን? ድርጅቱ ደህና ቢሆን ኖሮ አምስት ዓመቱን ሙዪና ውጪ እልሽ ነበር። ግን ደመወዝ የሚያዘገይ አስመጪ ቤት ውስጥ ወራት መጠበቅ የሌለ ገንዘብ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። ድርጅት ሲዳከም የስንብት ክፍያ በወረቀት ላይ መብት ነው፣ ለመቀበል ግን ፍርድ ቤት መመላለስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ቢያንስ አስራ ስምንት ወር የቀረው ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያው አንድ ወር ከተጻፈ፣ ውሉም የቅጥር ውል ከሆነ እሄዳለሁ። ከሶስቱ ሁለቱ ከጎደሉ ባለሁበት ሆኜ ሌላ እፈልጋለሁ። ገንዘቡ ሁሉ ከአንድ ዶነር ከሆነና ስለሱ ሲጠየቁ አፋቸው የሚተሳሰር ከሆነማ፣ 38,000ው አያጓጓኝም።

ከወሰንሽ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። የተፈረመና ማህተም ያለው ውል እጅሽ ሳይገባ መልቀቂያ አታስገቢ። «ደብዳቤው ነገ ይደርሳል» በሚል ስልክ ቋሚ ስራ አይለቀቅም። ከዚያ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሁፍ ስጪ፣ የገባበትን ቀን በኮፒው ላይ አስፈርሚ። አዲሶቹ «ሰኞ ግቢ» ቢሉሽ 30 ቀን እንዳለብሽ ንገሪያቸው፤ የሚፈልጉሽ ከሆነ ይጠብቃሉ። የቀረሽን የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ጠይቂ። ክፍያሽ ውሉ ካለቀ በ7 የስራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። የስራ ልምድና ክሊራንሱን (ንብረትም ዕዳም እንደሌለብሽ የሚገልጸውን ወረቀት) ሳትይዢ አትውጪ። የድርጅቱ ሂሳብ ሰራተኛ አንቺው ስለሆንሽ ደግሞ ርክክቡን በዝርዝር፣ በፊርማ አድርጊ። የባንክ ማስታረቂያው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ይሰራ፣ ካዝናውም ተቆጥሮ ይፈረምበት።

የውሉን ረቂቅ ስትቀበዪ የድርጅቱን ስም ሸፍነሽ የማቋረጫ አንቀጹን ብትልኪልኝ አየዋለሁ።